የላዳ ሞተር የማን ልጅ ነው?

የአዲስ አበባዋ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ለብዙ ሰው «የፊያት ቅጂ» ናት። ቀፎዋን ላየ አባባሉ ብዙም አይርቅም። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውሎ፣ በኢጣሊያዊው ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም በተሰየመችው የቮልጋ ዳር ከተማ ፋብሪካ አቆመ፤ ፊያት 124ን መነሻ ያደረገችው 2101ም በ1970 ከዚያ መውጣት ጀመረች። ስለ ሞተሯ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። የአሮጌ ሞተር ትውልድ የሚታወቀው በቀፎው ላይ ከተለጠፈው ስም ወይም ከሊብሬው ሳይሆን ከብረቱ ነው፤ ላዳ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት።

በብሎክ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። አንዱ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮት የተወለደ ነው፤ ከገጹ ከፍ ስለሚል በጣት ይዳሰሳል። ሌላው ብሎኩ ተጠርቦ ካለቀ በኋላ ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባው የሞተር ቁጥር ነው፤ በላዳ በብሎኩ ግራ ጎን፣ ከዘይት ፊልትሮው በላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ብሎኩ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይናገራል፣ ሁለተኛው አንዱን ሞተር ከሌላው ይለያል። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው ያሳስታል።

ከጽሑፉ ጋር መለኪያ ያስፈልጋል። የፊያት 124 ሞተር 1197 ሲሲ፣ የላዳ 2101 ደግሞ 1198 ሲሲ ነው። ወረቀት ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ሲሊንደሩ ሲለካ ግን የፊያቱ ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የላዳው 76 ነው፤ የፒስተኑ ጉዞ በፊያት 71.5፣ በላዳ 66 ነው። የፊያቱ ካምሻፍት ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል፤ የላዳው ቴስታታው ላይ ወጥቶ በሰንሰለት ይዞራል። እንግዲህ ላዳ ከ124 የወረሰችው ቀፎዋን እንጂ ሞተሯን አይደለም።

ቁጥር ተፍቆ ሌላ ሊመታ ይችላል የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነት ነው። ግን ሞረድ የነካው ገጽ ከዙሪያው ዝቅ ይላል ወይም ያለ ልክ ይለሰልሳል፤ በእጅ የተመቱ ቁጥሮችም ብዙ ጊዜ መስመራቸውን ይስታሉ። ከፍ ብሎ የተወለደውን ጽሑፍ አስመስሎ መሥራት ደግሞ እጅግ ይከብዳል።

ከዚህ የሚበረታው ተቃውሞ መለኪያም ይዋሻል የሚለው ነው። ከላዳ ሞዴሎች 2101 እና 2103 ሁለቱም 76 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ 21011 እና 2106 ሁለቱም 79። ባለ 76ቱ ብሎክ ቶርኖ ቤት ገብቶ እስከ 79 ከሰፋ ስፋቱን ብቻ የለካ ሰው ይሳሳታል። ያኔ የፒስተኑን ጉዞ ማየት ይገባል፤ በ2101 እና በ21011 66፣ በ2103 እና በ2106 80 ነው። ጉዞው ስለሚረዝም የኋለኞቹ ብሎክ በቁመት በ8.8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቁመት ደግሞ እንደ ሲሊንደር ስፋት በቶርኖ አይጨመርም። ቁመቱና የተወለደው ቁጥር ከተስማሙ የብሎኩ ሞዴል ተለየ፤ ስፋቱ ካልገጠመ ያ በኋላ የደረሰበት ታሪክ ነው።

ዕድሜ ልኳን በታክሲነት የሠራች መኪና ሞተሯ ስንቴ ተቀይሮ ይሆናል፣ ትውልዱን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚልም ይኖራል። የ2103 ሞተር ተሸክማ በ2101 ቀፎ የምትሄድ መኪና ሐሰተኛ አይደለችም። የሞተር መለዋወጫ ሲገዛላት ግን መታየት ያለበት የሞተሩ ሞዴል እንጂ የቀፎው አይደለም።

ፍለጋው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ባትሪ፣ ላምባና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። የረጋ ዘይት ከስሩ ያለውን ቁጥር ከዝገት ጠብቆ ያቆያል፤ በመፍጫ ማሽን የሚያጸዳው ሰው የሚያጠፋው ራሱን ማስረጃውን ነው። ገጹ ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ ይታሻል፤ ትርፉ ሲጠረግ ጠመኔው በተመታው ቁጥር ውስጥ ይቀርና ይነበባል።