ኮምፒዩተርና የቋንቋ ምርጫ

ጂቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ የወጣችው አገር ዋና ከተማም ይህችው ናት። በመንግሥት ሥራ የሚያገለግሉት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ በቤቱና በገበያው በአብዛኛው የሚነጋገረው በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከተማዋ ከኢትዮጵያ ጋር በንግድ የተሳሰረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟ ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ የሚያልፈው በዚህችው ከተማ ነው። ስለዚህም በወደቡ ዙሪያና የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር አማርኛም ይሰማል።

እንዲህ ባለች ከተማ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመግባባት ብዙ አይቸገሩም። ባለሱቁ የደንበኛውን ሰላምታ ሰምቶ ቋንቋውን ይለውጣል፤ ካልገባውም ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ቋንቋውን ሊያውቅ አይችልም። ወይ ተጠቃሚው በግልጽ ሊነግረው ይገባል፤ ወይ ደግሞ ከአንዳንድ ምልክቶች ተነሥቶ ይገምታል። ግምቱ የተሳሳተ እንደሆነ ውጤቱ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው ዐይነት ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ ኢትዮጵያዊ ትራንዚተር በጂቡቲ ከተማ ተቀምጦ ይሠራል እንበል። መርከብ የሚገባበትን ቀን፣ ዲክላራሲዮን የሚቀርብበትን ሰዓትና ባዶ ኮንቴይነር የሚመለስበትን ቀን የሚመዘግበው በኮምፒዩተር የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ሲከፍተው ቋንቋውን አማርኛ አድርጎታል፤ የቀኖቹ ስምም ሆነ ትእዛዞቹ በአማርኛ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ከኢሜይሉ ጋር ለማገናኘት ሲሞክር፣ የኢሜይል አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል። መስኮቱ የሚናገረው በፈረንሳይኛ ወይም በዐረብኛ ነው። ሰውየው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ፕሮግራምና የመግቢያው መስኮት የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ የሚገኘው በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ነው። መስኮቱ ግን የሚላከው የኢሜይሉን አገልግሎት ከሚሰጠው ድርጅት ኮምፒዩተር ነው። ይህ አሠራር የተመረጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ይኸውም የቀን መቁጠሪያው ፕሮግራም የሰውየውን የይለፍ ቃል እንዳያውቅ ነው። ነገሩ አንድ የመጋዘን ባለቤት ቁልፉን ለሠራተኛው ሳይሰጥ፣ ራሱ ወደ ዘበኛው ቀርቦ ለሠራተኛው የመግቢያ ወረቀት እንደሚያስጽፍለት ያለ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የዚህ ዐይነቱ ፈቃድ አሰጣጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እንግዲህ ቤቱ በአማርኛ ቢናገርም፣ ዘበኛው የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ስለሆነ በሌላ ቋንቋ ሊናገር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የመስኮቱ ላኪ ቋንቋን የሚመርጥበት መንገድ ነው። ላኪው ኮምፒዩተር በተለይ ሦስት ምልክቶችን ይመለከታል። አንደኛው ተጠቃሚው ቀደም ሲል በኢሜይሉ መዝገብ ውስጥ ያስመዘገበው ቋንቋ ነው። ሆኖም ሰውየው ገና ስላልገባ፣ ማንነቱም ገና ስላልታወቀ፣ ይህ ምልክት በበሩ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ሁለተኛው መልእክት ጠያቂው ፕሮግራም አብሮ የሚልከው የቋንቋዎች ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የድረ ገጽ መልእክቶች ደንብ፣ ጠያቂው የሚመርጣቸውን ቋንቋዎች በየማዕረጋቸው ዘርዝሮ እንዲልክ ይፈቅዳል። ሦስተኛው የመስመሩ አድራሻ ነው፤ ይህም ጥያቄው ከየትኛው አገር እንደመጣ በግምት ያመለክታል።

የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም የሚከፍተው ትንሽ መስኮት አንዳንድ ጊዜ የቋንቋዎቹን ዝርዝር ሳይልክ ይቀራል፤ ወይም የፕሮግራሙን ቋንቋ ትቶ የኮምፒዩተሩን ቋንቋ ይልካል። በጂቡቲ ከተማ የተገዛ ኮምፒዩተር በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ጨርሶ ካልተላከ ደግሞ ላኪው የሚቀረው ምልክት የአገሩ አድራሻ ብቻ ነው። የአድራሻው አገር ጂቡቲ ከሆነ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ መምረጡ የሚያስገርም አይደለም። በአንጻሩም ፈረንሳይኛ ብቻ የሚያነብ የጂቡቲ ነጋዴ ለሥራ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ምክንያት በአማርኛ የተጻፈ መስኮት ሊገጥመው ይችላል።

ስሕተቱ የሚመነጨው አገርንና ቋንቋን እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ ግን ሁለቱ የተለያየ ምልክት አላቸው። ለቋንቋዎች ከተሰጡት ባለሁለት ፊደል ምልክቶች መካከል የአማርኛው «ኤ ኤም»፣ የአፋርኛው «ኤ ኤ»፣ የሶማሊኛው «ኤስ ኦ»፣ የፈረንሳይኛው «ኤፍ አር» ነው። ኢትዮጵያ «ኢ ቲ»፣ ጂቡቲ «ዲ ጄ» ተብለው ይጻፋሉ። ሁለቱ ምልክቶች ተለያይተው የተሠሩት ቋንቋ ከአገር ወሰን ጋር ስለማይቆም ነው። አፋርኛ በኢትዮጵያም፣ በጂቡቲም፣ በኤርትራም ይነገራል፤ ሶማሊኛም እንዲሁ ከአንድ አገር በላይ ቋንቋ ነው። ስለሆነም ሰውየው የቆመበትን ቦታ ማወቅ የሚያነበውን ቋንቋ ማወቅ አይደለም።

የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ መጻፉ ራሱ ዛሬ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደንብ ለግእዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ስለሰጣቸው፣ በአንድ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላውም ሊነበብ ይችላል። ዳሩ ግን ፊደል መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የመስኮቱን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የተረጎመ ሰው ከሌለ፣ አማርኛ የመረጠ ሰው የሚያገኘው መልስ እንግሊዝኛ ይሆናል።

የቋንቋና የአገር ምልክት አብሮት የሚጎትተው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የቀን አጻጻፍ ነው። «5/9» የሚለውን ቁጥር ብቻ እንውሰድ። በፈረንሳይኛ ልማድ ቀኑ ስለሚቀድም ይህ ሴፕቴምበር 5 ነው። በአሜሪካኖች ልማድ ወሩ ስለሚቀድም ሜይ 9 ይሆናል። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለሚያነበው ደግሞ ግንቦት 5 ነው፤ ይህም ሜይ 13 ላይ ይውላል። በአንድ ጽሑፍ ሦስት ቀኖች ተደራርበው ይገኛሉ ማለት ነው።

አማርኛ የሚናገር ፕሮግራም ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆጥራል ማለትም አይደለም። ብዙዎቹ «ሴፕቴምበር» የሚለውን ስም በግእዝ ፊደል ከመጻፍ አያልፉም። ይህን ስም «መስከረም» ብሎ የተረጎመ ሰው የዐሥር ቀን ያህል ስሕተት ይሠራል፤ መስከረም 5 በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 5 ግን ነሐሴ 30 ነውና። የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያና ጂቡቲ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢገኙም፣ ጂቡቲ ከጠዋቱ 8 ሰዓት የምትለውን ኢትዮጵያዊው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይለዋል። የሳምንቱ መጀመሪያም ይለያያል። የዩኒኮድ ማኅበር መዝገብ ሳምንቱን ለጂቡቲ ከቅዳሜ፣ ለኢትዮጵያ ከእሑድ፣ ለፈረንሳይ ከሰኞ ያስጀምራል። የመጀመሪያውን ዐምድ ሰኞ ነው ብሎ የለመደ ዐይን ቀጠሮውን በሌላ ቀን ሊያነብ ይችላል። በወደብ ሥራ ደግሞ የቀን ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ የቆየ ኮንቴይነር በየቀኑ ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በማይነበብ መስኮት ፊት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የመግቢያው መስኮት የይለፍ ቃል ከመጠየቅ አልፎ፣ ፕሮግራሙ ቀጠሮዎችን እንዲያነብ፣ እንዲለውጥ ወይም እንዲሰርዝ ተጠቃሚው ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቃል። ያልገባውን ተጭኖ የሚያልፍ ሰው ያላነበበውን ውል ከሚፈርም ሰው አይለይም። ከዚህም በላይ አታላዮች የይለፍ ቃል ለመስረቅ እውነተኛውን የሚመስል መስኮት ይሠራሉ። ባልታሰበ ቋንቋ የመጣ መስኮት ሰውን ሊያስጠረጥር በተገባው ነበር። በየጊዜው በማይገባው ቋንቋ መስኮት የሚቀርብለት ሰው ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበትን አንዱን ምልክት ያጣል።

መፍትሔው በሁለት ወገን የሚገኝ ነው። የፕሮግራም ሠሪዎች ተጠቃሚው አንድ ጊዜ የመረጠውን ቋንቋ ለመግቢያው መስኮት ማስተላለፍ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የመግቢያ ደንብ ለዚህ የሚሆን ቦታ አዘጋጅቷል፤ የሚቀረው በተዘጋጀው ቦታ መጠቀም ነው። በመስኮቱም ላይ የቋንቋዎች ዝርዝር ሊኖር፣ እያንዳንዱም ቋንቋ በራሱ ፊደል ሊጻፍ ይገባል። ባንዲራ የአገር ምልክት እንጂ የቋንቋ ምልክት ስላልሆነ ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ተጠቃሚውም በበኩሉ የኮምፒዩተሩን፣ የድረ ገጽ መክፈቻውንና የኢሜይል መዝገቡን ቋንቋ አንድ በአንድ ማስተካከል ይኖርበታል፤ አንዱን መለወጥ ሌላውን አይለውጥምና። ቀን ሲጽፍ የወሩን ስም በፊደል፣ ዘመኑንም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ቢያመለክት ከብዙ ስሕተት ይድናል። ሊያነበው በማይችለው መስኮት ላይ የይለፍ ቃሉን ከመጻፉ በፊት የድረ ገጹን አድራሻ ማረጋገጥ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና የሚታመን ሰውንም መጠየቅ አለበት። የጂቡቲ ባለሱቅ የደንበኛውን ቋንቋ የሚያውቀው ሰምቶና ጠይቆ ነው። ኮምፒዩተርም ከመገመቱ በፊት እንዲጠይቅ አድርጎ የሚሠራው ሰው ነው።

ጥያቄዎች

1. የቀን መቁጠሪያው ፕሮግራም በአማርኛ ሆኖ ሳለ የመግቢያው መስኮት በሌላ ቋንቋ የሚመጣው ለምንድን ነው?
2. የመስኮቱ ላኪ ቋንቋን ለመምረጥ የሚመለከታቸው ሦስት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
3. «3/1» የሚለው ቁጥር በፈረንሳይኛ ልማድ፣ በአሜሪካኖች ልማድና በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ምን ምን ቀን ነው?
4. «ያላነበበውን ውል ከሚፈርም ሰው አይለይም» የተባለው ስለማን ነው? ለምን?