የሚያሳጥሩ ጣቶች፣ የሚሰሙ ጆሮዎች

በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ጋዜጦች የአንዲት የ13 ዓመት ስኮትላንዳዊት ተማሪ ወሬ ይዘው ወጡ። ልጅቱ የዕረፍት ጊዜዋን እንዴት እንዳሳለፈች ድርሰት ጻፊ ስትባል፣ አናባቢያቸው በተነቀለ ቃላት፣ በቁጥርና በምልክት፣ ለጓደኛዋ በሞባይል እንደምትልከው አድርጋ ጽፋ አስረከበች። መምህሯ ምን እንደተጻፈ መፍታት አቃታቸው ተባለ። ወሬው አገር ላገር ዞረ፤ እንግሊዝኛ ሞተ፣ ትውልዱ ጠፋ የሚለው በዛ። በ2007 ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ጆን ሃምፍሪስ በዴይሊ ሜይል ባወጡት ጽሑፍ፣ ቴክስት የሚጻጻፉ ሰዎች በቋንቋው ላይ የሚያደርሱትን ጥፋት ጄንጊስ ካን በጎረቤቶቹ ላይ ካደረሰው ጋር እስከማመሳሰል ደረሱ።

ከሳሹ ብዙ ነበር፤ ማስረጃ ይዞ የቀረበው ግን ጥቂት። ክሪስፒን ተርሎ የተባሉ የቋንቋ ምሁር ካርዲፍ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 544 መልእክቶች ሰብስበው ሲቆጥሩ፣ ያጠሩት ቃላት ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አልሞሉም። ይሁንና እነዚህ ማንበብና መጻፍ ካበቁ የቆዩ ወጣቶች ናቸው። ጭንቀቱ የነበረው ገና ስፔሊንግ እየተማሩ ባሉት ልጆች ላይ ነው።

ወደ እነዚህ ልጆች የሄዱት በኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቤቨርሊ ፕሌስተርና ክሌር ዉድ ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ከ11 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በደንበኛ እንግሊዝኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ወደ ስልክ አጻጻፍ እንዲገለብጡት፣ የስልኩን ደግሞ ወደ ደንበኛው እንዲመልሱት አዘዙ። በቀን ስንት መልእክት እንደሚልኩም ጠየቋቸው። በ2008 የታተመው ውጤት እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስል ነበር። በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልኩት ምንም ከማይልኩት ያነሰ የፈተና ነጥብ አመጡ። ከሳሾቹ እዚህ ላይ ንባባቸውን ቢያቆሙ የፈለጉትን አግኝተዋል። ግን ከእነዚሁ ልጆች መካከል፣ መልእክት ጻፉ ሲባሉ አብዝተው ያሳጠሩት በቃላት የማመዛዘን ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከ10 እስከ 11 ዓመት ባሉ ሌሎች ልጆች ላይ በተደረገው ሁለተኛ ጥናትም፣ ስፔሊንግ የሚያውቁት በመገልበጡም ቀናቸው።

ታሪኩ የሚታጠፈው እዚህ ነው። ሁሉም ቴክስት እያለ በአንድ ስም ይጠራው የነበረው ነገር ለሁለት ተከፈለ። ልጁ ምን ያህል ይልካል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እንዴት አድርጎ ይጽፋል የሚለው ሌላ።

ማሳጠርና ጥሩ ንባብ ምን ያገናኛቸዋል? የእንግሊዝኛውን «ግሬት» እንውሰድ። ልጁ አምስቱን ፊደላት መደርደሩን ትቶ «ጂ» እና «አር»ን ካስቀመጠ በኋላ 8 ቁጥርን ይለጥፋል። 8 በእንግሊዝኛ «ኤይት» ነውና፣ ያ ድምፅ በቃሉ ጅራት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ቃላት በደንበኛው አጻጻፍ ሲታዩ ግን አይመሳሰሉም። በዓይኑ ብቻ የሚሄድ ልጅ አይደርስበትም፤ ቃሉን በጆሮው መሰንጠቅ አለበት። ይህ የጆሮ ሥራ ደግሞ ለንባብ ተመራማሪዎች እንግዳ አልነበረም። ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት በ1983 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃናት ቤት የሚመቱ ቃላትን ከማይመቱት የመለየት ችሎታቸው ከዓመታት በኋላ የሚኖራቸውን ንባብና ስፔሊንግ አስቀድሞ ይጠቁማል። አስተማሪው በግጥም የሚያለማምደውን፣ ልጆቹ በስልክ ለሳቅ ያደርጉት ነበር።

በ2009 ኮቨንትሪዎች 88 ልጆችን ይዘው ቀረቡ። አሁን ማስገልበጡ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምህ ምን ብለህ ትልካለህ እያሉ ልጆቹን ራሳቸውን አስጻፉ። አብዝተው የሚያሳጥሩት በንባብ፣ በቃላት ዕውቀትና ድምፅ በመለየት በለጡ።

ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። ጎበዝ ልጅ ድሮም ጎበዝ ነው፤ በስፔሊንግም በጨዋታውም ይበልጣል፤ ታዲያ ማሳጠሩ ምን ጨመረለት? መልሱ ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ዉድና ባልደረቦቻቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ 119 ልጆችን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ ፈተኗቸው። በመጀመሪያው ላይ የታየው ማሳጠር የመጨረሻውን የስፔሊንግ ውጤት ጠቆመ፤ ልጆቹ ሲጀምሩ የነበራቸው የስፔሊንግ ችሎታ ከሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላም እንኳ። በተገላቢጦሽ ሲሞከር፣ በመጀመሪያ የነበረው የንባብና የጽሕፈት ችሎታ በኋላ ማን እንደሚያሳጥር አልጠቆመም።

የቀረው ስልኩን ራሱን መፈተን ነበር። ስልክ ኖሯቸው የማያውቁ 114 የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ10 ሳምንታት፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በአጋማሽ ዕረፍት፣ መልእክት ብቻ የሚልክ ስልክ ተሰጠው፤ ሌላው አልተሰጠውም። በ2011 ይፋ በሆነው ውጤት ሁለቱ ቡድኖች አልተበላለጡም። ስልኩ አላደኸየም፣ አላበለጸገምም። ስልክ በተሰጣቸው መካከል ግን አብዝተው ያሳጠሩት በስፔሊንግ ይበልጥ ተሻሽለው ነበር።

እዚህ ላይ የእኔን ጥርጣሬ ልጨምር። ማን ስልክ ያግኝ የሚለውን የወሰነው ዕጣ ነው፤ ማን ያሳጥር የሚለውን የወሰኑት ግን ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ «ስልክ አይጎዳም» የሚለው ግኝት በጠንካራ መሠረት ላይ ሲቆም፣ «ማሳጠር ይጠቅማል» የሚለው ትንሽ ይነቃነቃል። በጣም ደስ ያላቸው የስልክ ወዳጆች ይህን ልዩነት ዘለሉት።

ዕድሜው ከፍ ሲል ሥዕሉ ይደበዝዛል። ላሪ ሮዘንና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያጠኗቸው አሜሪካውያን ወጣቶች፣ አብዝተው የሚያሳጥሩት በመደበኛ ጽሑፍ ደከም፣ በጨዋታ ጽሑፍ ግን በርታ ብለው ተገኙ። ድሩ ሲንገልና ሽያም ሱንዳር ደግሞ በ2012፣ ማሳጠር በሚያበዙ አሜሪካውያን ታዳጊዎች ዘንድ የሰዋስው ፈተና ነጥብ ዝቅ ብሎ አዩ። ሰዋስው ሌላ ሙያ ነው፤ የጆሮ ጨዋታው የሚነካው የቃሉን ድምፅ እንጂ የዓረፍተ ነገሩን አጥንት አይደለም።

ይህን ሁሉ እንዳለ ጭኖ ወደ አማርኛ ማምጣት ደግሞ አይሆንም። የእንግሊዝኛው ጨዋታ የሚጣፍጠው ድምፁና ፊደሉ ስለተለያዩ ነው፤ ፊደላችን ግን በአመዛኙ የሚሰማውን ይጽፋል። ማሳጠሩማ ለእኛ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጠ/ሚ እያልን ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ እናሳጥራለን። የእኛ የስልክ ታሪክ ሌላ ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ የቀድሞዎቹ ስልኮች ደግሞ ብዙዎቹ ፊደላችንን ጨርሶ አያወጡም ነበር። ወጣቱ አማርኛውን በላቲን መጻፍ ለመደ። ይህ ልማድ «ሰ»ን እንደ አንድ ሆሄ የሚያውቀውን ልጅ ተነባቢና አናባቢ አድርጎ እንዲከፍላት ያስገድደዋል፤ የፊደል ገበታው ያልጠየቀውን ሥራ ማለት ነው። በአንጻሩ «ተ»ና «ጠ»ን በአንድ የላቲን ሆሄ ይጨፈልቃል። አንዱን ለጆሮ ሲሰጥ ሌላውን ይነሣል።

ኮቨንትሪ ላይ የተለካው ማሳጠር፣ አንዷን ሆሄ ለማውጣት ቁልፍ አንዳንዴ ሦስቴና አራቴ መጫን ግድ በነበረበት ዘመን፣ በጣት ድካም፣ በመልእክት ዋጋና በቦታ ጥበት የተወለደ ነው። የአሁኑ ስልክ ልጁ ሁለት ሆሄ እንደጻፈ ቃሉን ጨርሶ ያቀርብለታል፤ ስፔሊንጉንም ሳይጠየቅ ያርማል።