የአቤቱታ ዋና ጥያቄ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽና በማስረጃ መደገፍ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነዋሪ የሆነ አርሶ አደር ይዞታው ሲነካበት ጉዳዩን ይዞ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ማመልከቻውን የሚያረቅለት በቤቱ ያለ ተማሪ ወይም በፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጻፊ ነው። ማመልከቻው በአግባቡ ካልተጻፈ እውነተኛ መብት ያለው ሰው ጭምር ቀጠሮ እየተቆጠረበት ሊንከራተት፣ አንዳንዴም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የአቤቱታን ዋና ጥያቄ እንዴት አጥርቶ መጻፍና በማስረጃ መደገፍ እንደሚቻል ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ዋና ጥያቄ ምንድን ነው?

በትምህርት ቤት «አመዛዛኝ ድርሰት» የሚጽፍ ተማሪ በቅድሚያ አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገልጽ፣ ቀጥሎም አቋሙን በምክንያትና በማስረጃ እንዲያጸና ይማራል። አቤቱታም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ዳኛው ወይም የሥራ ኃላፊው ማመልከቻውን ሲያነብ ለአንድ ነገር መልስ ይፈልጋል፤ ይኸውም «ይህ ሰው ምን እንዲወሰንለት ይጠይቃል? የሚጠይቀውስ በምን መብት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ዓረፍተ ነገር የአቤቱታው ዋና ጥያቄ ነው። በማመልከቻው ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ድጋፍ ሆኖ ሊጻፍ ይገባል።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 222 የክስ ማመልከቻ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የተከራካሪዎችን ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆኑትን ፍሬ ነገሮች፣ እነርሱ የተፈጸሙበትን ጊዜና ቦታ እንዲሁም ከሳሹ እንዲወሰንለት የሚጠይቀውን ዳኝነት እንዲይዝ ያዛል። አንቀጽ 223 ደግሞ የጽሑፍ ማስረጃዎችና የምስክሮች ዝርዝር ከክሱ ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ይደነግጋል።

2. የድጋፉ ዓይነት ከጥያቄው ጋር መመሳሰል አለበት

በአካባቢው የሙግት ባህል እጅግ የቆየ ነው። በቀድሞው ዘመን ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ በቃል ይሟገቱ ነበር። በዚያ ሙግት አንደበተ ርቱዕነት ትልቅ ዋጋ ነበረው። በርስት ሥርዓትም የመሬት መብት የሚመነጨው ከትውልድ ስለነበር፣ ተከራካሪው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ለዚያ ጥያቄ ተገቢው ድጋፍ የትውልድ ቆጠራ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የመብቱ ምንጭ ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ አርሶ አደሮች መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተካሂዷል፤ ከዚያ በኋላም ይዞታ እየተመዘገበ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ለዚህ ሥራ መሠረት ሆነዋል።

ይሁን እንጂ ዛሬም በርካታ ማመልከቻዎች «ከአያት ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ሲታረስ የኖረ» በማለት ይጀምራሉ። ይህ አነጋገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን የዛሬውን ጥያቄ አይደግፍም። ዛሬ የሚጠየቀው «የማን ዘር ነህ?» ሳይሆን «ይህን ይዞታ በምን ሕጋዊ መንገድ አገኘኸው?» የሚል ነው። መልሱ በድልድል፣ በስጦታ ወይም በውርስ ሊሆን ይችላል፤ በየትኛው መንገድ እንደሆነ ግን ተለይቶ መጻፍና ለእርሱ የሚስማማ ማስረጃ መቅረብ አለበት። በውርስ ለተገኘ ይዞታ የሟች የይዞታ መብትና የአመልካቹ ወራሽነት መረጋገጥ አለባቸው፤ የሩቅ ትውልድ ታሪክ ግን ገጽ ከማብዛት በቀር ጉዳዩን አያራምድም።

3. ደካማና ጠንካራ ጥያቄ፦ ማሳያ ምሳሌ

የሚከተለው ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የማንም ሰው እውነተኛ ጉዳይ አይደለም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የሟች ወንድም መሬታቸውን ይዞ እያረሰ ነው እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ በደል ደርሶብኛል። ተከሳሽ ጉልበተኛና ምሕረት የሌለው ሰው ነው። ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ ስለወደቅሁ መንግሥት ፍትሕ ይስጠኝ።»

ይህ ረቂቅ ኀዘንን ይገልጻል፤ ነገር ግን ስለ የትኛው መሬት እንደሚናገር፣ ተከሳሹ መቼ ምን እንዳደረገና ፍርድ ቤቱ ምን ብሎ እንዲወስን እንደሚፈለግ አይናገርም። «ጉልበተኛ» የሚለው ቃልም በማስረጃ የሚረጋገጥ ፍሬ ነገር አይደለም። የተስተካከለው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦

«በእኔና በሟች ባለቤቴ ስም በጋራ ተመዝግቦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተሰጠንን፣ ስፋቱ 0.50 ሄክታር የሆነ የእርሻ መሬት ተከሳሽ ከሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃዴና ያለ ሕጋዊ መብት ይዘው እያረሱ ስለሆነ፣ መሬቱን ለቅቀው እንዲያስረክቡኝ ይወሰንልኝ።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ነገሮች ተሟልተዋል፤ እነርሱም የመብቱ ምንጭ፣ የመሬቱ ማንነት፣ የተፈጸመው ድርጊት ከነጊዜው እና የሚጠየቀው ውሳኔ ናቸው። የጥማድ ስፋት እንደየቦታው ስለሚለያይ በደብተሩ የተጻፈውን ልኬት መጠቀም ይመረጣል። የመሬቱ መጠሪያ ስምና በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ባለይዞታዎችም በማመልከቻው ዝርዝር ውስጥ ሊገለጹ ይገባል።

4. ጥያቄውን የመፈተኛ ሦስት መመዘኛዎች

አንደኛ፣ ጥያቄው ተለይቶ የታወቀ ይሁን። ማመልከቻውን አንብቦ የጨረሰ ሰው «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ጥያቄው ገና አልጠራም።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው የቀረበለት አካል ሊወስነው የሚችል ጥያቄ ይሁን። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ላይ የተፈጠረን የስም ወይም የልኬት ስሕተት ሊመረምር ይችላል። የሁለት ሰዎች የይዞታ ክርክር በሽማግሌ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የዛቻ ወይም የድብደባ ወንጀል ሲፈጸም የሚመለከተው ፖሊስ ነው። ሦስቱን ጉዳዮች በአንድ ማመልከቻ ቀላቅሎ ለአንድ ቢሮ ማቅረብ ከሦስቱ አንዱም ሳይወሰን እንዲዘገይ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ማስረጃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ አይሁን። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ እናቲቱ በጋራ ደብተሩ የራሳቸውን መብት ማስረዳት ይችላሉ፤ በሟች ድርሻ ላይ ግን የወራሾች ማንነት ማረጋገጫ ሊያስፈልግ ይችላል። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉም ስለ እነርሱ የሚከራከሩት በምን ሥልጣን እንደሆነ መግለጽ ተገቢ ነው። በደብተሩ ያልተጠቀሰ ተጨማሪ ማሳ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ጨምሮ መጠየቅ ግን የጠራውን መብት ከአጠራጣሪው ጋር ማቀላቀል ይሆናል።

5. ለእያንዳንዱ ፍሬ ነገር የራሱ ማስረጃ

ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ፍሬ ነገሮች መክፈልና በእያንዳንዱ ፊት ማስረጃውን ማስፈር ጠቃሚ ዘዴ ነው። ለምሳሌያችን ዝርዝሩ የሚከተለውን ይመስላል፦

ሀ. መሬቱ በባልና በሚስት ስም በጋራ መመዝገቡ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቅጂ፤
ለ. የመሬቱ ስፋትና አዋሳኞች፦ ደብተሩ፣ ካለም የይዞታ ካርታ፣ ወይም ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚገኝ የመዝገብ መረጃ፤
ሐ. ጋብቻውና የባል መሞት፦ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀት፤
መ. ተከሳሹ መሬቱን የያዘበት ጊዜና ሁኔታ፦ በአዋሳኝ የሚያርሱና ድርጊቱን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች።

በፊቱ ማስረጃ የሌለው ፍሬ ነገር ከተገኘ ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ማስረጃውን መፈለግ ወይም ጥያቄውን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከየትኛውም ፍሬ ነገር ጋር የማይያያዝ ሰነድ ካለ ደግሞ ማያያዙ አይጠቅምም።

ምስክር ሲቆጠር ብዛት ሳይሆን ዕውቀት ይታያል። «ሲባል ሰምቻለሁ» ከሚሉ ብዙ ሰዎች ይልቅ ሲታረስ ያዩ ሁለት ጎረቤቶች ይሻላሉ። የእያንዳንዱ ምስክር ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚያስረዳው ጭብጥ በዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋል። ምስክሩ የሚያውቀውን ብቻ መናገር እንዳለበትና በሐሰት መመስከር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይኖርበታል።

6. የሌላውን ወገን መልስ አስቀድሞ ማሰብ

አንድን አቋም የሚያጸናው የራስን ምክንያት መደርደር ብቻ አይደለም፤ ተቃራኒው ወገን የሚያነሣውን ክርክር አስቀድሞ ማጤንም ነው። በምሳሌያችን ተከሳሹ «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ወንድሜ ያርስ የነበረው የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ጠንካራ ማስረጃ ቢሆንም ተቃራኒ ማስረጃ ሊቀርብበት ስለሚችል፣ አመልካቿ ለዚህ መልስ ሊዘጋጁ ይገባል። መሬቱ በምን መንገድ እንደተገኘ፣ ምዝገባው ሲካሄድ ተከሳሹ በቀበሌው ይኖሩ እንደነበርና ተቃውሞ አቅርበው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ የሚያውቁ ሰዎችን መለየት ይጠቅማል። መልስ የማይገኝለት ተቃውሞ ካለም ክርክሩን ከመጀመር በፊት በሽምግልና መጨረስ የተሻለ መሆኑን ለማመዛዘን ይረዳል።

7. ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት

ማመልከቻውን ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ አመልካቹ ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ያልተናገረው ነገር ተጨምሮ ከሆነ ያሰርዝ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈርም። ስሞች፣ ቀኖችና ልኬቶች ከደብተሩና ከሌሎች ሰነዶች ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸው ይረጋገጥ። የማመልከቻውና የሰነዶቹ ቅጂ በአመልካቹ እጅ ይቀመጥ። ዋናው ደብተር ለማመሳከሪያ ካልተጠየቀ በስተቀር ለማንም አይሰጥ።

ፍትሕ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የተረጋገጠ ነው። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በነጻ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ተቋማት አቅም ለሌላቸው ወገኖች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ተገልጋዮች ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ ይመከራል። ጉዳዩን ለማያውቅ ጎረቤት ዋና ጥያቄያቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት። ጎረቤቱ የተጠየቀውንና የተጠየቀበትን ምክንያት መልሶ መናገር ከቻለ፣ መዝገቡን የሚመረምረው ዳኛም በቀላሉ ይረዳዋል።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለተለየ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ የሚሰጠውን ምክር አይተካም።