ሕፃናትና የጦር አይሮፕላን

ሕፃናትን ይዞ የጦር አይሮፕላን ሙዚየም መጎብኘት በብዙ አገር የበዓል ቀን መዝናኛ ነው። አባት ክንፉን ያሳያል፤ ልጅ ጎማውን ይነካል፤ ፎቶግራፍ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ፣ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ልጆችን ለጉብኝት የሚወስድ ወላጅ ወይም መምህር ግን ነገሩ እንዲህ አይቀለውም። የኛ ልጆች አይሮፕላንን ያወቁት በሥዕል ብቻ አይደለምና።

ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ውጊያ፣ ሰው አልባ አይሮፕላን ወይም ድሮን ሰላማዊ ሰዎችን ጭምር መግደሉን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት መዝግቧል። የሰማዩን ድምፅ ሰምቶ መደበቅ የለመደ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቦምብ ይሸከም የነበረ አይሮፕላን ፊት ሲቆም የሚያስበው እርስዎ ከሚያስቡት የተለየ ነው። «አትፍራ፤ ይህ አሮጌ ብረት ነው» ማለት ብቻ አይበቃውም።

ታዲያ ከምን ይጀመር? እኔ በበኩሌ «ፀሐይ» ከተባለችው አይሮፕላን እንዲጀመር እመክራለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለውን ይህን አይሮፕላን ያበረረው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነትን ተማሩ። በጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር በኢትዮጵያ አንዲት ቀላል አይሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይም ስም ተሰየመች። ሞተሯ 7 ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ጠላት አገሩን ሲይዝ ወሰዳት፤ ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ፣ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ቆመች። የባዕድ ልጆች ሲያዩዋት የኛ ልጆች ስሟን እንኳ አልሰሙም። በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቃች።

ይህ ታሪክ ለልጅ ደስ ያሰኛል፤ ግን ግማሹ ነው። በዚያው ዘመን የጣልያን አይሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ አፍስሰዋል፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለዚህ አቤት ብለዋል። በጎጃምም እነ በላይ ዘለቀ በቢቸና አካባቢ ሲዋጉ ጠላት ከላይ በአይሮፕላን ይደበድብ ነበር። አያቶቻችን አይሮፕላንን ያወቁት ከሥሩ ሆነው ነው።

እንግዲህ ሙዚየም ሲገቡ ሦስት ነገር ያስቡ። አንደኛ፤ ሁሉንም ለማሳየት አይጣደፉ። አንድ አይሮፕላን መርጠው ልጁ ሲሊንደሩን ይቁጠር፤ ክንፉ ከላይ ጎበጥ ማለቱን ይይ፤ አየሩ በክንፉ ላይና ታች ሲያልፍ እንዴት እንደሚያነሣው በእጅዎ መዳፍ ያሳዩት። ሁለተኛ፤ መድፉንና ቦምቡን ለማስገረም አያሞግሱ። ሦስተኛ፤ ልጁ መውጣት ከፈለገ ያለ ወቀሳ ይዘውት ይውጡ፤ ውጭ ሆኖም ብዙ ይጠይቃል።

ከጥያቄዎቹ ሦስቱን እርስዎ ያስጀምሩለት። ማን ሠራው? ማን አበረረው? ከሥሩስ ማን ነበረ? ሁለቱ ጥበብን ያስተምራሉ፤ ሦስተኛው ሰው መሆንን። ይህችን ሦስተኛ ጥያቄ የቢቸናና የሞጣ ልጅ ከማንም ቀድሞ ሳይጠይቅ አይቀርም። ሲጠይቅዎ ዝም አያሰኙት፤ የሚያውቁትን እውነት በዕድሜው ልክ ይንገሩት።