በሦስተኛው የተሳካው ጭልፊት፦ ድጋሚ የተሠራ ፊልም ነባሩን ይበልጣል?

ጊዜው 1941 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ለአንድ የስክሪፕት ጸሐፊ የዳይሬክተርነት ዕድል ሰጠው። ጆን ሂውስተን ይባላል። ገና 35 ዓመት አልሞላውም፤ ከዚያ በፊት አንድም ፊልም አላዘጋጀም። የመረጠው ታሪክ ደግሞ ስቱዲዮው ራሱ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሠርቶ የጨረሰው ነበር። መሪ ተዋናይ እንዲሆን የተጠየቀው ዝነኛው ጆርጅ ራፍት አሻፈረኝ አለ። በጀማሪ እጅ የሚሠራ፣ ያውም ድጋሚ የሆነ ፊልም ለስሙ አልመጠነለትም። ሚናው ለሃምፍሪ ቦጋርት ደረሰው።

ውጤቱ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (የማልታው ጭልፊት) ነው። ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ፤ ለቦጋርት የታላቅ ኮከብነትን መንገድ ከፈተለት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ1989 ለትውልድ እንዲጠበቁ በመጀመሪያው ዙር ከመዘገባቸው 25 ፊልሞች አንዱ አደረገው። «ሪሜክ (ድጋሚ የተሠራ ፊልም) መቼም የመጀመሪያውን አይበልጥም» ብለው የሚከራከሩ የፊልም ወዳጆች ይህን ፊልም ከክላሲኮች ተርታ ያስቀምጡታል። ሦስተኛ ሙከራ መሆኑን ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ታሪኩ ዳሺል ሃሜት በ1930 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ነው። ሳም ስፔድ የተባለ የግል መርማሪ፣ በከበሩ ድንጋዮች ያጌጠች ናት የምትባል የጭልፊት ሐውልት ለማግኘት ሲሉ የሚዋሹና የሚገዳደሉ ሰዎች መሀል ይገባል። በ1931 ሮይ ደል ሩት ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም ስፔድን ከፊቱ ፈገግታ የማይጠፋ ሴት አሳዳጅ አደረገው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስቱዲዮው ፊልሙን እንደገና ለማሳየት ቢፈልግ በወቅቱ የጠበቀው የሳንሱር ደንብ ከለከለው። ስለዚህ በዚያው በ1936 ታሪኩን ወደ ኮሜዲ ለውጦ «ሴታን ሜት ኤ ሌዲ» በሚል ርዕስ ሠራው። ጭልፊቷ ቀርታ በዕንቁ የተሞላ ጥንታዊ ቀንደ መለከት ተተካች። ቤቲ ዴቪስን የመሰለች ተዋናይት ብትኖርበትም ፊልሙ አልዳነም።

ሂውስተን ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። የሃሜትን ምልልስ አብዛኛውን እንዳለ ወሰደ። በልቦለዱ አንባቢ የሚያውቀው ስፔድ ያየውንና የሰማውን ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ካሜራውንም ከስፔድ ጎን እምብዛም አላራቀውም። ትዕይንቶቹን ከቀረጻ በፊት በሥዕል ነደፋቸው። ፊልም ሠርቶ የማያውቀውን የ61 ዓመቱን የመድረክ ተዋናይ ሲድኒ ግሪንስትሪትን አምጥቶ የጭልፊቷ አሳዳጆች አለቃ አደረገው፤ ግሪንስትሪትም በመጀመሪያ ፊልሙ ለኦስካር ታጨ። ሁለቱ ቀዳሚ ፊልሞች ያልነኩት የመጽሐፉ ጨለማና ቅዝቃዜ በሦስተኛው ላይ ወጣ።

ነገሩ የአንድ ፊልም ዕድል ብቻ አይደለም። በ1959 ወጥቶ 11 ኦስካር የወሰደው የዊልያም ዋይለር «ቤን ሁር» ከ1907 አጭር ፊልምና ከ1925 ድምፅ አልባ ፊልም ቀጥሎ የመጣ ነው። ዋይለር ራሱ በ1925ቱ የሠረገላ ውድድር ቀረጻ ላይ ከረዳቶቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። ሲሲል ቢ. ደሚልም «አሥርቱ ትዕዛዛት»ን በ1923 ያለ ድምፅ ሠርቶት ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በ1956 ራሱ የደገመውን፣ ቻርልተን ሄስተን ሙሴን የሆነበትን ነው። በአንጻሩ በ2016 እንደገና የተሠራው «ቤን ሁር» በገበያም በሐያስያንም ፊት ወደቀ።

ታዲያ «የመጀመሪያው ይሻላል» የሚለው እምነት ለምን ይህን ያህል ሥር ሰደደ?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ወንፊት መሆኑ ነው። ከ1930ዎቹና ከ1950ዎቹ እስከ ዛሬ የምናያቸው ፊልሞች ተንጓለው የቀሩት ናቸው፤ በዚያ ዘመን የተሠሩት ደካማ ፊልሞች ተረስተዋል። የዘንድሮው ሪሜክ ግን ገና በወንፊቱ አላለፈም፤ ጥሩውም መጥፎውም አብሮ ዓይናችን ፊት ይቆማል። ውድድሩ ገና ሳይጀመር ሚዛኑ ተዛብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ትዝታ ነው። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ስሜት በዘፈን ያውቀዋል። የድሮ ዘፈን በአዲስ ድምፅ ሲዘፈን ጆሮ መጀመሪያ የሚፈልገው የለመደውን እስትንፋስ፣ የለመደውን የክራር ወይም የሳክስፎን መግቢያ ነው። አዲሱ ዘፋኝ ቢችልም እንኳ ከዘፈኑ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአድማጩ ወጣትነት ጋርም ይፎካከራል።

ሆኖም ሁሉንም በትዝታ ማሳበብ አይቻልም። ብዙ ሪሜኮች በእርግጥም ደካማ ናቸው፤ ለምን እንደሚደክሙ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው ደግሞ «ሳይኮ» ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን የሠራው በጥቁርና ነጭ፣ በ800 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ዝግጅቱ ባመጣቸው ባለሙያዎች ነው። ታሪኩ የሚጀምረው 40 ሺህ ዶላር ሰርቃ በምትሸሽ ሴት ነው። ሴትዮዋን የምትጫወተው ዝነኛዋ ጃኔት ሊ ስለሆነች ተመልካች ፊልሙ የእሷ ነው ብሎ ይከተላታል። ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ግን ሻወር ውስጥ በቢላ ትገደላለች። አንድ ደቂቃ ለማይሞላው ለዚያ ግድያ ሰባት ቀን ተቀርጿል፤ ወደ ፍሳሹ የሚወርደው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ አዳራሽ እንዳይገባ ያስከለከለው በከንቱ አልነበረም። የድንጋጤው ምንጭ ቢላው ብቻ አልነበረም፤ ተመልካች ታሪኩን ይዞ የሚሄድበት ሰው በድንገት ከእጁ መነጠቁ ነበር።

በ1998 ጋስ ቫን ሳንት ፊልሙን ሾት በሾት ደገመው። ስክሪፕቱ ያው የጆሴፍ ስቴፋኖ፣ ሙዚቃው ያው የበርናርድ ኸርማን ነው። ቀለም ጨመረበት፤ የተሰረቀውንም ገንዘብ ለዘመኑ እንዲመጥን 400 ሺህ ዶላር አደረገው። ግን አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሻወሩን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው። የሚነጠቀው ነገር የለም። ካሜራው ያው ቦታ ቆሞ፣ ቢላው ያው ማዕዘን ላይ ወርዶ፣ ድንጋጤው የለም። ፊልሙ በዓመቱ ለመጥፎ ፊልሞች ከሚሰጠው የራዚ ሽልማት ሁለቱን ወሰደ። ሂችኮክ በዘመኑ ለተመልካቹ ያደረገውን በ1998 ለማድረግ ሌላ ፊልም ያስፈልግ ነበር፤ ቫን ሳንት ግን የደገመው ሾቶቹን ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነው፤ በዚህ ክርክር ከሁሉ በላይ ሊጠቀስ የሚገባውም እሱ ነው።

ጆን ደብሊው ካምቤል በ1938 ባሳተመው አጭር ልቦለድ፣ አንታርክቲካ ያሉ ተመራማሪዎች ከበረዶ ሥር ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያወጣሉ። ፍጡሩ የነካውን ሕያው ነገር ሁሉ መስሎ መኖር ይችላል። በ1951 ታሪኩ ሲቀረጽ ዋናው ሐሳብ፣ መመሳሰሉ፣ ተትቷል። ቦታው ወደ ሰሜን ዋልታ ዞረ፤ ፍጡሩም በተዋናይ የሚታይ ግዙፍ ሰው መሰል ነገር ሆነ። ሰዎቹ ጠላታቸውን ያዩታል፤ በአንድነት ይዋጉታል። የቀዝቃዛው ጦርነት መባቻ ስለነበር ስጋቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ፊልሙ ዛሬም የሚያስደስት ጥሩ ፊልም ነው። ካርፔንተርም ከልቡ ይወደው ነበር፤ በ1978 በሠራው «ሃሎዊን» ላይ ሕፃናቱ በቴሌቪዥን የሚያዩት ፊልም ይኸው የ1951 ፊልም ነው።

ቢወደውም አልቀዳውም። በ1982 ታሪኩን ወደ አንታርክቲካና ወደ ካምቤል ሐሳብ መለሰው። 12 ወንዶች በረዶ የከበበው ጣቢያ ውስጥ ናቸው፤ ከመሀላቸው ሰው ያልሆነው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የደም ምርመራው ትዕይንት እዚህ ጋ ይታሰብ። ከርት ረስል የሚጫወተው ማክሬዲ ጓደኞቹን በገመድ አስሯቸዋል። የእያንዳንዳቸው ደም በየሳህኑ ተቀምጧል። የፍጡሩ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ሕይወት ካለው፣ ደሙም ከእሳት ለመሸሽ መሞከር አለበት ብሎ ያስባል። ሽቦ ያግላል፣ ሳህኑ ውስጥ ይነክራል፤ ጭስ ብቻ። ሌላ ሳህን፤ ጭስ ብቻ። ተመልካች የጠረጠረው የጣቢያውን አዛዥ ነው፤ ማክሬዲም ዓይኑን ወደ አዛዡ መልሶ እየተናገረ፣ እጁ ልማዱን ተከትሎ ሽቦውን ወደሚቀጥለው ሳህን ይሰዳል። ደሙ ጮሆ ይዘላል። ማንም ያልጠበቀው ሰው ሳህን ነው፤ እሱም ታስረው ከተቀመጡት ጋር ጎን ለጎን ተጠፍንጓል። ይህን ለመሥራት የገባው ነገር ሽቦ፣ ሳህን፣ ገመድና የሰዎች ፊት ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን የአካል መበጣጠስ ደግሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ሮብ ቦቲን በጎማና በሜካኒክስ በእጁ ሠርቶታል።

ፊልሙ በወጣበት ወቅት ተናቀ። ጁን 25 ቀን 1982 ሲለቀቅ፣ ወዳጃዊውን የሌላ ዓለም ፍጡር ያስተዋወቀው የስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ብዙ ሐያስያን አስጸያፊ ነው ብለው ወረፉት፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ዛሬ ግን ከአስፈሪ ፊልሞች ዘውግ ቁንጮዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ2011 በዚሁ ስም የእሱን መቅድም የሚተርክ ፊልም ሲሠራ፣ በእጅ የተሠሩት ፍጡራን አብዛኞቹ በኮምፒውተር ምስል ተሸፈኑ። በእጅ የሚነካ የሚመስለው ክብደትም አብሮ ጠፋ።

ሂችኮክ ራሱም ቢሆን ድጋሚ መሥራትን የሚንቅ ሰው አልነበረም። «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ መች»ን በ1934 በእንግሊዝ ሠርቶ በ1956 በአሜሪካ ገንዘብ ደገመው። ሁለቱም ላይ ግድያው የታቀደው ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ፣ ጸናጽሉ በሚመታበት ቅጽበት ነው። በሁለተኛው ይህን ትዕይንት ምንም ምልልስ ሳይኖር 12 ደቂቃ ገደማ አስረዘመው፤ ተመልካች ኖታ እየቆጠረ ይጨነቃል። ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ታዋቂ ቃለ ምልልስ ሂችኮክ የመጀመሪያውን የባለተሰጥኦ አማተር፣ ሁለተኛውን የባለሙያ ሥራ አድርጎ ገልጾታል።

ሪሜኩና ነባሩ እኩል የሚቆሙበት ጊዜም አለ። የሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» በ2002 ፖሊስ ውስጥ የተተከለ ወንበዴንና ወንበዴዎች መሀል የተተከለ ፖሊስን በ101 ደቂቃ ተረከ። ማርቲን ስኮርሴዚ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ ታሪኩን ወደ ቦስተን የአየርላንድ ዝርያ ካቶሊኮች መንደር ወስዶ 151 ደቂቃ አደረገው። የቻይንኛው ርዕስ የቡድሂስቶችን ማብቂያ የሌለው ሲኦል ያነሳል፤ ስኮርሴዚ ደግሞ የራሱን የልጅነት እምነት፣ የአባትና የልጅ ጥያቄን አመጣበት። አራት ኦስካር ወሰደ፤ ለስኮርሴዚ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያው ነበር። የሆንግ ኮንጉ የጠራና የተሳለ ነው፤ የአሜሪካው ሰፊና ሥጋ የለበሰ ነው። አንዱ ሌላውን አላስረሳም።

ገቢ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ መቀመጥ አለበት። በ2019 የተሠራው «ዘ ላየን ኪንግ» ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ከ1994ቱ የካርቱን ፊልምም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ጸጉሩ፣ ሣሩ፣ አቧራው እውነተኛ ይመስላል። በዚያው ምክንያት ግን ሲምባ ከሞተው አባቱ ሥር ሲገባ የሚታየው የእውነተኛ ደቦል አንበሳ ፊት ነው፤ የ1994 ሠዓሊዎች በቅንድብና በዓይን የሳሉትን ሐዘን ያ ፊት መሸከም አልቻለም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ድጋሚ የተሠራ ፊልም ነባሩን መብለጥ ይችላል፤ በልጦም ያውቃል። የሚበልጠው ግን ነባሩ ሳይነካው የቀረ ነገር ሲኖርና አዲሱ ዳይሬክተር ያንን ነገር ለይቶ ሲያውቀው ነው። ለሂውስተን የመጽሐፉ ቅዝቃዜ ነበር፤ ለካርፔንተር በሰዎች መሀል ያለው ጥርጣሬ፤ ለሂችኮክ በወጣትነቱ ያልደረሰበት ብልሃት። ምንም ያልጎደለውን ፊልም መድገም ግን ድካም ነው። ፕሮዲውሰሮች በጥሩ ሐሳብ ተጀምረው በመጥፎ አሠራር የተበላሹትን ፊልሞች ቢፈልጉ ለተመልካችም ለጥበቡም ይበጃል።

ጥርጣሬ ያላችሁ አንባቢዎች በተከታታይ ሁለት ምሽት ሞክሩት። መጀመሪያ የ1951ን ፊልም፣ በማግስቱ የ1982ን እዩ። የደም ምርመራው ላይ ስትደርሱ፣ ማክሬዲ ሽቦውን ማጋል ሲጀምር ፊልሙን ለአፍታ አቁሙና ሰው ያልሆነው ማን እንደሆነ አብሯችሁ ከሚያየው ሰው ጋር ገምቱ።