በዕቁብ ገንዘብ የሚገጣጠም ኮምፒዩተር

በጦር ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ገንዘብ የሚያጠራቅመው ለአንድ ትልቅ ጉዳይ ነው። ይህ ጉዳይ ቀድሞ ራዲዮ፣ ኋላም ቴሌቪዥን ነበር፤ ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት በሚደርሱበት ቤት ዛሬ የሚቀድመው ግን ኮምፒዩተር ሆኗል። ከባልና ሚስት አንዱ ግዳጅ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ዕቁቡን ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄደው ሌላው ብቻውን ነው። ሻጩም ያንን ሁሉ የባዕድ ቃል ሲደረድርለት፣ ገዢው አንገቱን እየነቀነቀ ይከፍላል። ዕቁብ ሁለተኛ እስኪወጣ ብዙ ወራት ስለሚያልፉ፣ ከተሳሳተ ግዢ በኋላ ለማረሚያ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ስለዚህ የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጦ በልክ ስለ ማስገጣጠም ይናገራል።

አንዳንድ አንባብያን ላፕቶፕ አይሻልምን ይሉ ይሆናል። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቆያል፤ ዝውውር ሲመጣም በቦርሳ ይያዛል። ይህን አንክድም። ነገር ግን አንዱ ክፍል ሲበላሽ ብዙ ጊዜ መላው ዕቃ ይወድቃል። ዴስክቶፕ ደግሞ ደሞዝተኛ እንደሚሠራው ቤት ነው፤ ዘንድሮ አንድ ክፍል ተሠርቶ ይገባበታል፣ ሳሎኑ ለከርሞ ይደርሳል። በኋላ ሊጨመር በሚችለው ላይ ይቆጠብ፤ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ በሚጠፋው ላይ ግን አይቆጠብ። የኛ ምክር ባጭሩ ይኸው ነው።

ሌላውን ይዞ የሚጠፋው ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ነው። ይህ ከግድግዳው ሶኬት የመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎች በልካቸው የሚያከፋፍለው የብረት ሣጥን ነው። ገዢ ስለማይጠይቅበት ሻጭ የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው። በጎኑ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ አይመኑ፤ በትንሹ የተጻፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይጻፋል። ሁለቱን ያባዙ። 18 አምፔር ቢል 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት ይህንኑ መሥመር ስለሆነ 500 የተባለው ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። 36 አምፔር ቢል ግን 432 ዋት ይሆናል፤ ያ 450 ተብሎ ቢሸጥ እውነት ነው። ለቤት ሥራና ለትምህርት የሚሆን፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ እንኳ ከ150 ዋት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ካገኙ ይበቃዎታል። በእጅዎም ይመዝኑት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለው ውስጡም ባዶ ነው።

በአሮጌና በርካሽ ሣጥኖች ጀርባ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ይገኛል። በአገራችን 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ በድምፅ ፈንድቶ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል። ልጆች ሲጫወቱ እንዳያንሸራትቱት በፕላስተር መሸፈን አይከፋም።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንለፍ። እዚህ አንዲት ፊደል ብዙ ገንዘብ ታስወጣለች። የኢንቴል ኮር አይ3-12100 የራሱ ሥዕል ማሳያ አለው፤ አይ3-12100ኤፍ ግን የለውም። በዋጋ ስለሚቀንስ ሻጩ «ያው ነው» ብሎ ኤፍ ያለበትን ቢሰጥዎ፣ ቤት ገብተው ሲያበሩት ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው መግዛት ግድ ይሆናል። ከኤ.ኤም.ዲ. ወገን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር ያለው ሲሆን፣ ጂ የምትለዋ ፊደል ሥዕል ማሳያ አብሮት እንዳለ ታመለክታለች። አዲስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለአነስተኛ ኪስ እኛ የምንመርጠው እርሱን ነው። ብርቱ ጨዋታ የሚፈልግ ልጅ ካለ ግራፊክስ ካርዱን ለሌላ ዕቁብ ያቆይ።

ማዘርቦርድ ሲመረጥ ከፕሮሰሰሩ ጋር መስማማቱ ይረጋገጥ። ለምሳሌ ቢ450 የተባሉት ቦርዶች 5600ጂን የሚያውቁት ባዮሳቸው ሲታደስ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ አድሶና አብርቶ ያሳይ። ያገለገለ የኢንቴል ቦርድ ከሆነ የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ክዳን አስነሥተው በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ከጥቃቅኖቹ እሾሆች አንዷ እንኳ ተጣማ ከተገኘች ዕቃውን ይመልሱ።

ሜሞሪ በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በዓለም ገበያ ዋጋው በብርቱ ንሯል። ምክንያቱም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቋቋሙት ግዙፍ ማዕከሎች የፋብሪካዎቹን ምርት ስለተሻሙት ነው። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቢገጠም መልካም ነበር፤ የፕሮሰሰሩ ሥዕል ማሳያ ከሜሞሪው ስለሚበደር በሁለት መንገድ ሲቀዳ ይፈጥናል። ካልተቻለ አንዱ ይገጠምና ሁለተኛው ቦታ ክፍት ይቆይ። ዲ.ዲ.አር.4 እና ዲ.ዲ.አር.5 ግን ወገባቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ስለማይገጥም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ዘመድ ከዱባይ እንዲያመጣ ሲላክ ቁጥሩ ተጽፎ ይላክ። ለዲስክ 500 ጊጋባይት ያህል ኤስ.ኤስ.ዲ. ይበቃል፤ ፎቶግራፉና ፊልሙ በርካሹ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ከባሕር ማዶ መሥሪያ ቤቶች ወጥተው ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም ብዙ ጊዜ ከተገጣጠመው ይረክሳሉ፤ እነርሱን አንንቅም። ነገር ግን ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቂቱ በቀር ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። አይ5-8500 ቢል የመጀመሪያዋ 8 ትውልዱን ትነግራለች። ከዚያ ያነሰ ከሆነ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ለመልመድ ተዘጋጅቶ መግዛት ነው።

ስለ ኬዙ ብዙ አንልም። ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጨው ያምራል፤ በመብራቱ ገንዘብ ግን መብራት ሲቆራረጥ ጽሑፍን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ደቂቃዎች የሚሰጥ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ለመግዛት መጀመር ይቻላል። አቧራ በሚበዛበት ሰፈር ኬዙ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በየወሩም ከሶኬት ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

የዝውውር ትእዛዝ ሲመጣ፣ ግራፊክስ ካርድ ከተገዛ ተፈትቶ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ። በጠጠር መንገድ ላይ ክብደቱ መሰኪያውን ይሰብራል። ሃርድ ዲስኩም እንዲሁ ይውጣ። ኬዙ በጎኑ ተኝቶ፣ ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ መካከል ይጫን፤ ብሎኖቹ በአንድ ትንሽ ከረጢት ታስረው በእጅ ይያዙ።