ፀሐይ የጠጣችው ውሃ

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር ወጥቶ በ85 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ወደ ብራይተንና ፎርት ላፕተን የሚነዳ ሰው የሳውዝ ፕላትን ወንዝ ተከትለው የተደረደሩ ኩሬዎች ያያል። ዳክዬ ይዋኝባቸዋል፤ ዳር ዳራቸውን ቄጠማ ወርሶታል። ዴንቨርና ኦሮራ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም፣ ሐይቅ ይመስሏቸው ይሆናል። አብዛኞቹን የቆፈራቸው ግን ሰው ነው። ጠጠርና አሸዋ የወጣባቸው ካባዎች ናቸው፤ የከተሞቹ መንገድና ፎቅ ከእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ነው ተጭኖ የሄደው።

ጠጠር ማውጣት ከማዕድን ሥራ ሁሉ ተራው ይመስላል። ወርቅ የለበት፣ ሲያናይድ የለበት። ኤክስካቫተሩ ይዝቃል፣ ወንፊቱ ይለያል፣ ገልባጭ መኪናው ይጭናል፣ አለቀ። ጣጣው የሚጀምረው ቁፋሮው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስ ነው። ወንዝ ዳር ደግሞ ውሃው ሩቅ አይደለም፤ ጥቂት ሜትር እንደ ተወረደ ጉድጓዱ ከሥሩ ማቆር ይጀምራል። እስከዚያች ቀን ከጠጠር ሥር ተሸሽጎ የኖረ ውሃ ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል።

የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጣቸው ውሳኔዎች እንዲህ ያለው ካባ በሕግ ዓይን የውሃ ጉድጓድ ነው፣ ፈቃድም ያስፈልገዋል አለ። ገመድ የለውም፣ ባልዲ የለውም፣ ፓምፕ የለውም፤ የምትቀዳው ፀሐይ ናት። በዓመቱ የወጣ ሕግ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው፦ ካባው ከከፈተው ውሃ ላይ የሚተነውን ያህል ባለካባው ለወንዙ ይተካ።

ለወንዙ መተካቱ ለምን እንደሆነ የሚገባው የአካባቢውን የውሃ መብት ሲያውቁ ነው። ከጠጠሩ ሥር ያለው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ የሚሄድ ነውና፣ ኩሬ ላይ የተነነው ውሎ አድሮ ከወንዙ ይጎድላል። የወንዙ ውሃ ደግሞ ባለቤት የሌለው ጠብታ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደንቡ “ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጠጣ” ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቦይ የቀደደ ገበሬ መብት በ1990 ከተከፈተ ካባ መብት ይቀድማል። ገበሬው ከታች ሆኖ “ውሃዬ ጎደለ” ብሎ ጥሪ ሲያሰማ የመንግሥት የውሃ ሹም በኋላ የመጡትን በተራ እየዘጋ ይሄዳል። እኛም ዘንድ በመስኖ ቦይ ላይ ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለ፤ የሹሙ ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሚለየው መዝገቡ 160 ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ ነው። በኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ግን የሚቀድመው አንጋፋው ሳይሆን ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለው ውሃ ነው። እንደ እኔ የእኛው ደንብ ለሰሚ ይቀላል፤ የእነሱ ለከሳሽ ይመቻል።

ኮሎራዶ ይህን ደንብ እስከ ምን እንደምታከር ለማወቅ ጣሪያ ማየት ይበቃል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛው ነዋሪ ከገዛ ጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ክልክል ነበር። ዛሬም የተፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 416 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ አየር ላይ የጠፋ ውሃ እንዴት ይለካል? መነሻው አንድ ክብ የብረት ገንዳ ነው። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሜትሮሎጂ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ተቆጣጣሪው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመጣና ጫፏ በውሃው ፊት ልክ በምትቆም መንጠቆ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ወረደ ያነባል። ገንዳው ከጎንም ከሥርም ስለሚግል ከሐይቅ የበለጠ ያተናል፤ ስለዚህ ንባቡ በ0.7 ገደማ ይባዛል። ከእንዲህ ዓይነት ንባብ በተሠራ ካርታ መሠረት ዴንቨር አካባቢ ያለ ኩሬ በዓመት 1.1 ሜትር ያህል ውሃ ያጣል። ከዚህ ላይ ኩሬው ባይኖር ኖሮ ሣሩ ይጠጣው የነበረው ዝናብ ይቀነሳል። ወደ 85 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ይቀራል እንበል።

ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 10 ሄክታር በሚሆን ኩሬ ላይ ሲዘረጋ 85,000 ሜትር ኩብ ነው። 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ ብናጓጉዘው 8,500 ምልልስ፤ ክረምት ከበጋ ቢደለደል በቀን 23 ቦቴ፣ ማንም ሳይነካው።

ሁለተኛው ሌባ ጠጠሩ ራሱ ነው። የታጠበ ጠጠር በእጅ ቢዘገን መዳፍ ያረጥባል፤ የጫነው መኪና ከኋላ በሩ ሥር ጠብ ጠብ እያለ ነው ግቢውን የሚለቀው። በኮሎራዶ ስሌት ለታጠበ ጠጠር ከክብደቱ 4 በመቶው ውሃ ነው ተብሎ ይያዛል። 25 ቶን የጫነ መኪና 1,000 ሊትር ይዞ ይወጣል ማለት ነው። አቧራ ለማብረድ መንገድ ላይ የሚረጨውም ይቆጠራል። የጠጠር ማጠቢያው ውሃ ግን ምንም ቢበዛ ዝቃጩን አስቀምጦ ወደ ኩሬው የሚመለስ ስለሆነ አብዛኛው ከዕዳ አይገባም። የሚጠየቁት ስለተነካው ሳይሆን ስለጠፋው ነው።

ዕዳው የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም፤ በውሃ ነው። ባለካባው ከቦይ ማኅበር ድርሻ ይገዛል፣ ወይም ከከተማ ውሃ ይከራያል። ከተሞቹ ከሮኪ ተራሮች ማዶ በዋሻ የሚያመጡትን ውሃ ደጋግመው የመጠቀም መብት ስላላቸው፣ ለኪራይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ተጣርቶ ወደ ወንዙ የተለቀቀ የፍሳሽ ውሃ ነው። ከሰው መጸዳጃ ቤት የወጣው፣ ፀሐይ ከካባ ለወሰደችው ይተካል። እኔ ይህን ሳነብ ስቄያለሁ፤ ሒሳቡ ግን ልክ ነው።

አስቸጋሪው ጊዜው ነው። ኩሬው ላይ በሐምሌ የተነነው ወንዙ ላይ ጉድለት ሆኖ የሚታየው በሐምሌ ላይሆን ይችላል። ከወንዙ በራቀ ቁጥር ጉድለቱ እየዘገየና እየተበተነ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይደርሳል። ስለዚህ የውሃ መሐንዲሶች የአሸዋውን ውሃ የማሳለፍ አቅምና ርቀቱን አስልተው የዛሬው ትነት በየትኛው ወር ስንት ሆኖ እንደሚመጣ ሰንጠረዥ ይሠራሉ፤ ባለካባውም በየወሩ ሒሳቡን ለሹሙ ያቀርባል።

ጠጠሩ ያልቃል፤ ትነቱ ግን አያልቅም። ኩባንያው ማሽኑን ነቅሎ ቢሄድም ኩሬው በየበጋው ሲጠጣ ይኖራል። መውጫው ሦስት ነው፦ ለዘለዓለም የሚተካ ውሃ በውሃ ፍርድ ቤት አጽድቆ ማስያዝ፣ ጉድጓዱን መልሶ መድፈን፣ ወይም ከወንዙ መለየት። የመጨረሻው ጥበብ ይጠይቃል። በካባው ዙሪያ ጠባብ ቦይ እስከ ታችኛው ጥብቅ ዓለት ድረስ ይቆፈርና ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት በተባለ ሸክላና በአፈር ድብልቅ ይሞላል። ይህ የተቀበረ ግድግዳ ውሃ ማሳለፍ አለማሳለፉ ለ90 ቀን ይፈተናል። ፈተናውን ካለፈ ካባው ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር መገናኘቱ ቀርቶ ባዶ ማሰሮ ይሆናል፤ ዴንቨርም ቶርንተንም እንዲህ ያሉትን የውሃ ማጠራቀሚያ አድርገዋቸዋል።

አንድ የሕግ ቀዳዳም አለ። ከ1980 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በፊት ለተከፈተ የውሃ ገጽ ትነቱን ተካ የሚል የለም። ስለዚህ በዚያው ወንዝ ዳር ሦስት ኩሬዎች ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ምንም አይከፍልም፣ አንዱ በየወሩ የከተማ ፍሳሽ ይገዛለታል፣ አንዱ ከወንዙ ጋር በሸክላ ግድግዳ ተለያይቷል። ከመንገዱ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ዳክዬዎቹም አይለዩአቸውም።